ሦስት ልጅ ይዤ ለገና ወደ ዲላ ስሄድ ምን ልያዝ፣ ምን ልተው?

ጥያቄው የደረሰን በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሚኖሩ የሦስት ልጆች እናት ነው። ደብዳቤያቸው ረዘም ያለ ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ብቻ አስቀድማለሁ።

«የባለቤቴ አገር ዲላ ነው። ዘንድሮ ገናን ከአያታቸው ጋር እንዲያሳልፉ ታኅሣሥ 26 ተነሥተን ዐሥር ቀን ልንቆይ ወስነናል። ልጆቼ የዘጠኝ ዓመት ወንድ፣ መኪና ውስጥ የሚያስመልሳት የአራት ዓመት ሴት እና ጥር 3 ቀን ዘጠኝ ወር የሚሞላት ሕፃን ናቸው። አምና እኔ ነፍሰ ጡር ሆኜ ሦስት ሻንጣ፣ ሁለት ማዳበሪያ እና አንድ ዘንቢል ይዘን በአውቶቡስ ሄድን። መቂን እንዳለፍን ልጄ አስመለሳት፤ መቀየሪያ ልብሷ ግን ጣሪያው ላይ በሸራ ሥር ታስሮ ነበርና ረዳቱ አልፈታም አለን፤ እስከ ሻሸመኔ በነጠላዬ ጠቅልዬ አቀፍኋት። ባለቤቴ ያን እያስታወሰ ‹ዘንድሮ ከሁለት ሻንጣ በላይ ከያዝሽ እኔ አልሄድም› ይላል። ሕፃኗ ተጨምራ ጓዙ እንዴት ይቀንሳል? ደግሞስ አማቴ ጋ ባዶ እጄን እገባለሁ? አምና ስኳር፣ ዘይት፣ ሁለት ኪሎ ቡና እና የጤፍ ዱቄት ወስጄላቸው ነበር።»

ውድ እኅቴ፣ ባለቤትዎ ጓዙ ይቀነስ ማለታቸው ልክ ነው፤ የተሳሳቱት ሻንጣ ሲቆጥሩ ነው። መቆጠር የነበረበት እጅ ነው። ከአራተኛ ፎቅ በሌሊት ሲወርዱ፣ ከዚያም በባጃጅና በታክሲ ቃሊቲ መናኸሪያ ሲደርሱ ሁለት አዋቂዎች ያላችሁ አራት እጅ ብቻ ነው። ሕፃኗ በማዘያ ጀርባዎ ላይ ብትሆን እንኳ አንዱ እጅዎ የአራት ዓመቷን ልጅ እንደ ያዘ መቆየት አለበት፤ በበዓል ሰሞን ግፊያ ውስጥ ልጅ ከእጅ የሚያመልጠው ዓይን ሲርገበገብ ነውና። ስለዚህ በባለቤትዎ ሁለት እጅ ሁለት ሻንጣ፣ በእርስዎ ትከሻ አንድ የመንገድ ቦርሳ፣ በትልቁ ልጅ ጀርባ ደግሞ የትምህርት ቤት ቦርሳው ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ ያለፈውን ወይ ለሸካሚ ከፍለው ያስይዙታል፣ ወይ መሬት አስቀምጠው ይጠብቁታል። የባለቤትዎ ቁጥር በቁጣ የመጣ ቢሆንም ከዚህ ሒሳብ ጋር መግጠሙን ይንገሯቸው፤ ሁለቱን ሻንጣዎች የሚያሽጉት ግን አብራችሁ እንደሆነም ጨምረው ይንገሯቸው። ጓዝ በዛ ብሎ መቆጣት ጓዙን ካሰናዳ ሰው ሲመጣ ይበልጥ ይሰማል።

የአምናው ችግር በአብዛኛው የመጣው ከዕቃው አቀማመጥ ነው። ሦስት ሻንጣ ሙሉ ልብስ ይዘው እያለ ልጅዎ በነጠላ ተጠቅልላ የሄደችው መንገድ ላይ የሚያስፈልገው ነገር ዲላ ከሚያስፈልገው ጋር አብሮ ስለታሸገ ነው። እኔም ልጆቼ ትንንሽ በነበሩበት ዘመን የትኩሳት መድኃኒቱን በሻንጣው መካከል፣ እንዳይሰበር ብዬ በፎጣ ጠቅልዬ፣ በጥንቃቄ አስቀምጬ ያውቃል። ሻንጣው ከሰው ሽንኩርት ሥር ገብቶ ልጄ ሲያተኩሰው ጥንቃቄዬ ምንም አልረዳኝም። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ የወጣን ዕቃ መናኸሪያ እስኪደርሱ ድረስ ቤትዎ እንደቀረ ይቁጠሩት።

የመንገድ ቦርሳው እንግዲህ ከእግርዎ ሥር ወይም ከጭንዎ ላይ የማይለይ፣ ዚፑ ሰፊ የሆነ፣ በአንድ እጅ ሊከፈት የሚችል ይሁን። ሌላኛው እጅዎ ሁልጊዜ ሕፃን የያዘ ስለሚሆን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለሁለቱ ትንንሽ ልጆች መቀየሪያ ሲያዘጋጁ ከካናቴራ እስከ ካልሲ ያለውን አንድ ሙሉ ልብስ በአንድ ላይ ጠቅልለው በጨርቅ ከረጢት ያስቀምጡ። ለራስዎም አንድ ሸሚዝ ይጨምሩ፤ ልጅ ያስመለሰባት እናት ይህን ሁልጊዜ የምታስታውሰው ዘግይታ ነው። የሕፃኗ ዳይፐር በቀን ስድስት ገደማ ቢሆን ለመንገዱና ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሃያ ያህል ይበቃል፤ ከዚህም ለመንገዱ ስምንቱ እዚህ ቦርሳ ይግቡ፣ ቀሪው ሻንጣ ውስጥ ይሁን፤ የተረፈውን ቀን የሚሸፍነውን ሐዋሳ ወይም ዲላ ይገዛሉ። ለአራት ዓመቷ ልጅ ሶፍት፣ ትንሽ ፎጣ እና ሳሙና ይያዙ። የፖፖው ጉዳይ እንደ ልጅቱ ልምድ ነው፤ ያለ ፖፖ የማትቀመጥ ከሆነ ከቦርሳው ውጭ በገመድ አንጠልጥለው ይውሰዱት እንጂ አይፈሩ። አውቶቡሱ ከቱሉ ዲምቱ ጀምሮ የፍጥነት መንገድ ስለሚይዝ እንደ አሮጌው መንገድ በየሜዳው አይቆምምና ልጆቹ መናኸሪያው ውስጥ ሽንት ቤት ሳይገቡ አይሳፈሩ።

ስለ ማስመለሱ ትንሽ ልቆይበት፤ ጉዞውን የሚያበላሸው እሱ ነው። ልጅቱን የሚያጥወለውላት ጆሮዋ ውስጥ ያለው የሚዛን መቆጣጠሪያ እንቅስቃሴውን እየሰማ ዓይኗ ግን የማይንቀሳቀስ ነገር ሲያይ፣ ሁለቱ የተለያየ መልእክት ወደ አንጎል ስለሚልኩ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ይህ እምብዛም አይሰማቸውም፤ ከሁለት እስከ ዐሥራ ሁለት ባለው ዕድሜ ግን ይበረታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዝግጅት ትኬት ሲቆረጥ ይጀምራል፤ ከፊት በኩል፣ መስኮት ዳር፣ ከጎማው በላይ ያልሆነ ወንበር ይጠይቁ። ልጅቱ በመስኮት ወይም በፊት መስታወት ሩቅ ያለውን ተራራና ዛፍ ትይ። ስልክ ላይ ፊልም ከፍቶ መስጠት ልጅ ዝም የሚያሰኝ ይመስላል፤ ለእሷ ግን ዓይኗን ቅርብ ነገር ላይ ተክሎ የሚያስመልሳት እሱ ራሱ ነው። ተረት ይሻላል፣ እንቆቅልሽ ይሻላል፣ «ስንት በሬ አየሽ?» ይሻላል። በባዶ ሆዷ አትሳፈር፤ ቅባት የበዛበትም አትብላ፤ ከመነሣታችሁ አንድ ሰዓት ገደማ ቀደም ብላ ደረቅ ዳቦ በትንሽ ሻይ ብትወስድ በቂ ነው። መድኃኒት ከፈለጉ ከቀናት በፊት ፋርማሲ ባለሙያን ወይም ሐኪምን አማክረው ይያዙት እንጂ ለአዋቂ የተገዛውን ክኒን ለሁለት ገምሰው አይስጧት።

መያዣውስ? ፌስታል ይቀደዳል፣ ያፈሳል፣ ሲጠፋም ይጠፋል። ሰፋ ያለ፣ ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ከታች ሶፍት አንጥፈውበት ይያዙ። ካስመለሳት በኋላ ክዳኑን ይዘጉታል፤ ሽታው ተሳፋሪውንም ሌሎቹን ልጆችም አይረብሽም፤ ሻሸመኔ ሲደርሱ ታጥቦ ተመልሶ ይገባል።

ምግቡን አያብዙት። ዳቦ ቆሎ፣ የገብስ ቆሎ (ለአራት ዓመቷ ሳይሆን ለትልቁ፤ ትናንሽ ልጆች በመንገጫገጭ መካከል ፍሬ ነገር ሊያንቃቸው ይችላል)፣ ደረቅ ዳቦ እና ሙዝ ይበቃሉ። እርስዎና ባለቤትዎ የነቢያትን ጾም የምትጾሙ ከሆነም ይኸው ስንቅ ያስኬዳችኋል። ለሕፃኗ ጡትዎ አለ፤ ከጡት ሌላ ሙዝን የመሰለ የመንገድ ምግብ የለም፤ ልጣጩ ራሱ ንጹሕ ማሸጊያ ነውና በማንኪያ ጨፍልቀው ያበሏታል። የበሰለ ገንፎ ወይም ድንች ይዘው ከሄዱ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይቀዘቅዝ የቆየውን አይስጧት፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አውቶቡሱ ሲሞቅ ይህ ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ይወርዳል። ውሃ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ በሁለት ጠርሙስ ይያዙ። አያት ፍቅር ሲበዛባቸው ለሕፃኗ ማር ላልስ ቢሉ ደግሞ ዓመት እስኪሞላት እንዲታገሡ አስቀድመው በስልክ ይንገሯቸው፤ ማር ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ልብስን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አየሩን በአንድ ዓይነት ብቻ ስለሚያስብ ነው። ታኅሣሥ ላይ ኮዬ ፈጬ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ልጆቹ ሹራብና ጃኬት ደርበው ይሳፈራሉ። ባቱ ስትደርሱ ከፍታው 1,640 ሜትር ገደማ ብቻ ነውና ሹራቡ ሁሉ ይወልቃል፤ ወደ አርሲ ነገሌ ሲወጣ ከ2,000 ሜትር በላይ ሆኖ መልሶ ነፋስ ይመጣል፤ ሐዋሳና ዲላ ደግሞ ወደ ሙቀቱ ይመልሷችኋል። ስለዚህ ልጆቹን አንድ ወፍራም ካፖርት ከማልበስ ይልቅ ሦስት ስስ ልብስ ደርበው ያልብሷቸው፤ የወለቀውም የሚገባበት አንድ ባዶ የጨርቅ ዘንቢል አጥፈው ይያዙ። ያን ባዶ ዘንቢል የረሳ ሰው ሦስት ሹራብ በጭኑ፣ ሁለት ጃኬት በአንገቱ አድርጎ ሻሸመኔ ይገባል።

መድኃኒቱ በትንሽ ክዳን ያለው ሣጥን፣ በመንገድ ቦርሳው ውስጥ ይሁን። ፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ አራት ፓኬት ለምለም፣ ዚንክ፣ ቴርሞሜትር፣ ፋሻና ፕላስተር። ሽሮፑ የሚሰጠው በልጁ ክብደት ልክ ስለሆነ ከመነሣትዎ በፊት ሁለቱን ትንንሾች አስመዝነው ለእያንዳንዳቸው ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሰጥ ፋርማሲ ጠይቀው በፕላስተር ላይ ጽፈው ጠርሙሱ ላይ ይለጥፉት፤ በሌሊት፣ በእንቅልፍ ዓይን፣ በአማትዎ የወጥ ማንኪያ እንዳይለኩ መለኪያው ከጠርሙሱ አይለይ። የአዋቂ አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ለምለም አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። አንድ ፓኬት በአንድ ብርጭቆ በጥብጠው የሚያጠጡ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን የምደጋግመው፤ ጨው የበዛበት ለምለም ልጅ ይጎዳል። ሕፃን ጡት እንቢ ካለች፣ ዓይኗ ከጎደጎደ ወይም ተቅማጡ ደም ካለበት ሣጥኑን ዘግተው ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

የክትባት ካርዷንም አይርሱ። የኩፍኝ የመጀመሪያው ክትባት የሚሰጠው በዘጠኝ ወር ነው፤ እርስዎ በጻፉት ቀን ጥር 3 ላይ ዲላ ናችሁ ማለት ነው። ካርዱን ይዘው እዚያው በመንግሥት ጤና ጣቢያ ሊያስከትቧት ይችላሉ፤ ካልሆነም እንደተመለሳችሁ ወዲያው ይሂዱ። ትልቁ ልጅና የአራት ዓመቷ በኪሳቸው የእናትና የአባት ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይኑራቸው።

አሁን እርስዎ ደብዳቤዎ ላይ ጭራሽ ያላነሡት፣ ለእኔ ግን ከስኳሩም ከልብሱም የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ አጎበር። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ ሐዋሳም ዲላም ከዚያ በታች ናቸው፤ ዋናው የወባ ወቅትም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ እናንተ የምትሄዱት በጭራው ነው። ደጋ ላይ ያደጉ የእርስዎ ልጆች እዚያው ተወልደው እንዳደጉት የአጎታቸው ልጆች በሰውነታቸው የተገነባ መከላከያ የላቸውም። አስተላላፊዋ ትንኝ የምትነድፈው ከማታ እስከ ንጋት ነውና ልጆቹ የሚተኙበት አልጋ ላይ በኬሚካል የተነከረ አጎበር መዘርጋት አለበት። አማትዎ ስንት አጎበር እንዳላቸው ይጠይቁ፤ ከጎደለ ይግዙና ይዘው ይሂዱ፤ ታጥፎ ከአንድ ብርድ ልብስ ያነሰ ቦታ ይይዛል። ከእሱ ጋር አራት ቁራጭ ሲባጎ እና ጥቂት ምስማር ይጠቅልሉበት፤ አጎበር ይዞ ሄዶ ማንጠልጠያ አጥቶ ልጆቹ ላይ እንደ ብርድ ልብስ የደረበ ሰው አውቃለሁ። ለማታ ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ልብስና ካልሲ በቂ ነው።

ወደ ሁለቱ ሻንጣዎች ስንመጣ ነገሩ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ከለበሰው ሌላ ሦስት የዘወትር ልብስ፣ አንድ የበዓል ልብስ፣ አንድ ሹራብ፣ ነጠላ ጫማ። በጋ ነው፤ ታጥቦ ጠዋት የተሰጣ ማታ ሳይመሽ ይደርቃል፤ ለሕፃኗ ብቻ ሁለት ይጨምሩ። አምና ሦስት ሻንጣ የሞላው ልብስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለልጆቹ ብቻ የታሰበ አይመስለኝም፤ የዲላ ጎረቤት በየቀኑ የተለያየ ልብስ እንዲያይላቸው ጭምር ነው። ጎረቤት ገናን ያየው ያው አንዱን የበዓል ልብስ ነው። ሐዋሳ አድራችሁ ወደ ሐይቁ ብትወጡም የዋና ልብስ አይያዙ፤ ሐይቁ ጉማሬ አለበት፤ ዳርቻው ላይ አሣ እየበሉ ማየት ይበቃቸዋል። አሻንጉሊትም አንድ፣ ልጅቱ አቅፋው የምትተኛው፤ ከአያት ግቢ ዶሮና ጭቃ ጋር የሚወዳደር አሻንጉሊት የለም።

የአማትዎን ስጦታ በተመለከተ ስለ ቡናው ሳነብ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም። ዲላ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ነው፤ ይርጋጨፌ ከዚያው ዞን ነው። ከኮዬ ፈጬ ተሸክመው የወሰዱላቸውን ሁለት ኪሎ ቡና አማትዎ ሳይስቁ መቀበላቸው ጨዋነታቸውን ያሳያል። ስኳሩና ዘይቱ ዲላ ሱቅ ውስጥ አለ፤ ገንዘቡን ይያዙና ከመናኸሪያ ወደ ቤት ስታመሩ ገዝታችሁ ግቡ፤ በራፍ ላይ ሲደርስ ከየት እንደተገዛ የሚጠይቅ የለም። ጤፉን አማትዎ ራሳቸው ጠይቀው እንደሆነ ብቻ፣ አምስት ኪሎ፣ ከሻንጣው ሥር። ከእዚህ ይዘው ሊሄዱ የሚገባዎት እዚያ የማይገኘውን ነው፤ አንድ በእርስዎ እጅ የተመረጠ ነጠላ ወይም ጋቢ፣ የሦስቱ ልጆች ፎቶ ደግሞ ታትሞ። ሕፃኗን እስካሁን በስልክ ብቻ ላዩ አያት ያን ፎቶ ግድግዳቸው ላይ የሚሰቅሉበትን ምስማር ሳይቀር አዘጋጅተው ይጠብቁዎታል።

የትልቁ ልጅ ቦርሳ የራሱ ይሁን፤ ራሱ ያሽገው። ውሃውን፣ ቆሎውን፣ አንድ መጽሐፍ፣ ሹራቡን። የረሳውን እርስዎ አይጨምሩለት፤ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ አንድ ጊዜ ካልሲ ረስቶ የአጎቱን ልጅ ካልሲ ቢለብስ በሚቀጥለው ጉዞ አይረሳም።

የታሸገው ሁሉ ታኅሣሥ 25 ከሰዓት በኋላ ያልቅና ባለቤትዎ ሁለቱን ሻንጣዎች ይዘው፣ እርስዎ ሕፃኗን አዝለውና ቦርሳውን አንግተው፣ ልጅቱን በእጅ ይዘው አራቱንም ፎቅ አንድ ጊዜ ወርዳችሁ ውጡ። ጎረቤት ቢስቅም ይሳቅ። ከሁለተኛው ፎቅ ላይ ከቆማችሁ ሻንጣው ከብዷል ማለት ነውና ተመልሳችሁ ትቀንሳላችሁ፤ ይህን በብርሃን ማወቅ በሌሊት ከማወቅ ይሻላል።

ከተመለሳችሁ በኋላ አንድ ወር ያህል ማንኛቸውም ልጆች ቢያተኩሳቸው «ጉንፋን ነው» ብለው አይተዉት፤ ወባ ከተነከሱ በኋላ ምልክቱ ሳይታይ ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ለሐኪሙ በመጀመሪያ የሚናገሩት ዲላ ደርሳችሁ መምጣታችሁን ይሁን፤ አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ሳይነገረው ወባን ላያስብ ይችላል። እና ሻንጣው ሲታሸግ ከሁሉ ሥር አንድ ንጹሕ ባዶ ማዳበሪያ አጥፈው ያስገቡ፤ አያት ስትመለሱ ቆጮውን፣ አቮካዶውን እና ያን ጥሬ ቡና ሳይጭኑ እንደማይለቋችሁ እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ እሱ ጣሪያ ላይ ቢወጣ ግድ የለም።